የምሕንድስና ተማሪዎችና የእንግሊዝኛ ቃላት አጠቃቀም
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን አርእስት፣ ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው የተማሪ ቤት ጉዳይ ይመስላል። የምሕንድስና ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ቃላትን እንዴት እንደሚመርጡና እንዴት እንደሚያገጣጥሙ የሚመለከት ነው። «እኛ በመሥሪያ ቤት የተቀመጥን ሰዎች ከዚህ ነገር ምን አለን?» የሚል እንደሚኖር አልጠራጠርም። ነገር ግን የዛሬው ተማሪ ነገ መሐንዲስ ሆኖ ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ውሃና ስለ ሕንጻ ሥራ ዘገባ ይጽፋል። ዘገባውም ወደ ጠረጴዛችሁ ይመጣል፤ እናንተም አንብባችሁ ገንዘቡ ይከፈል፣ ሥራው ይቀጥል ወይም ይቁም ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ብዙ ጊዜ ድልድዩን ሄዳችሁ አላያችሁትም፤ ያያችሁት ቃሉን ነው። እንግዲህ ቃሉ ሲሳሳት ፊርማችሁም አብሮ ይሳሳታል። አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለችሎት ብቻ አይደለም።

ይህን ነገር ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን ልናገር። እኔ ትምህርቴን በሁለተኛ ደረጃ የፈጸምሁ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕንጻ ሥራ ላይ ልምምድ ያደርግ የነበረ ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈው ዘገባ፣ በአማርኛ ተተርጕሞ ለሕዝብ እንዲነገር ወደ እኔ መጣ። ዘገባው ስለ አርማታ አሠራር ሲገልጽ፣ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ሰባት ቀን «ድራይ» ይደረግ ይላል። «ድራይ» ማለት ማድረቅ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነውና፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ «ሰባት ቀን እንዲደርቅ ይተዋል» ብዬ ተርጕሜ አነበብሁት።

በማግሥቱ በሰፈራችን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኙኝና፤

«ልጄ፣ ትናንት በሬዲዮ የተናገርኸው አንተ ነህን?» አሉኝ።

«አዎን አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«አርማታ እኮ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚጠነክረው። አድርቁት እያልህ የሰው ቤት ልታስፈርስ ነው እንዴ?» ብለው ገሠጹኝ።

ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። አርማታ እንደ ጭቃ ደርቆ አይጠነክርም። ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ አዲስ ነገር በመሆን ይጠነክራል እንጂ። ውሃው ከጊዜው በፊት ከተለየው ውሕደቱ ሳይፈጸም ይቀራል፤ ላዩ ይሰነጠቃል፤ ሊሸከም የሚገባውንም ያህል አይሸከምም። ስለዚህ ሰባት ቀን ያህል እርጥበቱ ተጠብቆ መቆየት አለበት፤ ግንበኞቻችንም ይህን ሥራ «ውሃ ማጠጣት» ይሉታል። እንግሊዝኛው ለዚህ ያለው ቃል «ኪዩር» ነው። በኋላ ተማሪውን ብጠይቀው፣ ቃሉን በመጽሐፉ ውስጥ አይቶት እንደ ነበር፣ ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ቢፈልገው «ፈወሰ፣ አዳነ» የሚል ስላገኘ ለአርማታ የሚሆን እንዳልመሰለው ነገረኝ። ስለዚህ የሚያውቀውን ቃል ተካ። የተካውም ቃል የትእዛዙን ተቃራኒ ተናገረ። እኔም ተቃራኒውን ለአገር አሰማሁ።

የዛሬው ነገራችን ሥሩ ይኸው ነው። የምሕንድስና ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ያለበት ችግር ከባድና ብርቅ ቃላት ማጣቱ አይደለም። ተራ የሚመስሉትን ቃላት በትክክል አለማወቁ ነው።

ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ ተማሪው ስለ ውሃ፣ ስለ እሳትና ስለ ብረት በአንድ ቋንቋ ማሰብ ከጀመረ በኋላ ስለ እነዚያው ነገሮች በሌላ ቋንቋ መጻፍ ይጠበቅበታል። ወደ ምሕንድስና ከገባም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ስሌት ነው። የስሌቱ መልስ ትክክል ከሆነ ነጥቡን ያገኛል፤ ስለ ስሌቱ የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ግን የሚያርምለት ጥቂት ነው። ዘገባ ጻፍ ተብሎ ሲታዘዝ ነው ጉድለቱ የሚገለጠው። ጉድለቱንም በአራት ከፍለን ብንመለከተው ይገባናል።

የመጀመሪያው፣ እኛ በአንድ ቃል የምንጠራውን እንግሊዝኛው በብዙ ቃል ከፍሎ መጥራቱ ነው። «ጥንካሬ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በዕለታዊ አነጋገራችን ብረትም፣ ብርጭቆም፣ ጠፍርም ጠንካራ ይባላል። መሐንዲሱ ግን አራት ልዩ ልዩ ነገሮች ይፈልጋል። ሳይሰበር ብዙ ጭነት መሸከም «ስትሬንግዝ» ይባላል። አለመጫርና አለመሰርጎድ «ሃርድነስ» ነው። ጭነት ሲያርፍበት አለመለመጥና አለመሳሳብ «ስቲፍነስ» ነው። ምት ሲያርፍበት ጉልበቱን ውጦ አለመሰበር ደግሞ «ተፍነስ» ነው። ብርጭቆ በቀላሉ አይጫርም፤ ከእጅ ሲወድቅ ግን ይደቃል፤ ስለዚህ «ሃርድ» ነው እንጂ «ተፍ» አይደለም። የአልጋ ጠፍር ደግሞ በጥፍር ይጫራል፣ ይለመጣል፣ ይሳባል፤ ነገር ግን ስንት ዓመት ተኝተንበት አይበጠስም። ለአንድ ድልድይ የሚሆን ብረት ሲመረጥ ተማሪው አራቱንም «ስትሮንግ» ብሎ ከጻፈ፣ ገዢው መሥሪያ ቤት የትኛውን ጠባይ አስመርምሮ እንደሚገዛ አያውቅም።

«ኀይል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ገፊውም፣ ሥራ የመሥራት ችሎታውም፣ ሥራው የሚሠራበት ፍጥነትም በእኛ ዘንድ ኀይል ወይም ጉልበት ይባላል። እንግሊዝኛው «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ»፣ «ፓወር» ብሎ ይለያቸዋል፤ መለኪያቸውም ኒውተን፣ ጁልና ዋት በመባል ይለያያል። ይህ ልዩነት በየቤታችን ያለ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት የሚወስድ ቢሆንና 2 ሰዓት ቢጋገርበት፣ ሒሳብ የሚከፈልበት 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኪሎዋት የምጣዱ አቅም ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ግን የበላው መጠን ነው። በዘገባ ላይ አንዱን በሌላው ተክቶ የጻፈ ሰው፣ የማድጋውን ስፋትና የተቀዳውን ውሃ እንዳደባለቀ ይቈጠራል።

ሁለተኛው፣ ተራው ቃል ልዩ የሙያ ትርጕም ይዞ መገኘቱ ነው። «ስትረስ» የሚለውን ቃል ዛሬ የከተማ ሰው ሁሉ ለጭንቀት ይለዋል። ለመሐንዲስ ግን ኀይል ለሚያርፍበት ስፋት ተካፍሎ የሚገኝ ቍጥር ነው። አንዲት ሴት በሹል ተረከዝ ጫማ ለስላሳ መሬት ላይ ብትቆም ተረከዙ ይሰጥማል፤ በሰፊ ጫማ ብትቆም አይሰጥምም። ክብደቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው «ስትረሱ» ነው። «ሞመንት» ደግሞ በመዝገበ ቃላት ቅጽበት ነው፤ በምሕንድስና ግን የማዞር አቅም ነው፤ ኀይሉ ከማዞሪያው ነጥብ ባለው ርቀት ተባዝቶ ይገኛል። በርን በማጠፊያው አጠገብ መግፋት ለምን እንደሚከብድ፣ በእጀታው በኩል ግን ለምን እንደሚቀል የሚያስረዳው ይህ ነው። የእነዚህ ቃላት አደጋ ቀላል መምሰላቸው ነው። እንግዳ ቃል ሲያጋጥመው ተማሪው ቆሞ ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የመሰለውን ቃል ግን አልፎት ይሄዳል።

ሦስተኛው፣ ቃላት ያለ ጓደኛቸው መቆማቸው ነው። በአማርኛ ባርኔጣ ይደፋል፣ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ቀለበት ይጠለቃል፣ ነጠላ ይጣፋል፣ ጫማ ይጫማል። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ግሥ ሊጠቀም ይችላል። አማርኛ የሚማር እንግዳ «ባርኔጣዬን ታጥቄ መጣሁ» ቢለን ነገሩ ይገባናል፤ ነገር ግን ፈገግ እንላለን። የእኛም ተማሪ በእንግሊዝኛ ላይ የሚደርስበት ይኸው ነው። ጭነት የሚያርፍበት ግሥ ሌላ፣ ሙከራ የሚካሄድበት ግሥ ሌላ፣ መደምደሚያ የሚሰጥበት ግሥ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ሁሉንም በ«ሜክ» እና በ«ዱ» ይጨርሰዋል።

ይህ ፈገግ በማሰኘት ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ የማያልፍበትም ጊዜ አለ። «መሠረቱ ተሠርቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር በዘገባ ላይ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? ንድፉ ወጣ ማለት ነውን? ጉድጓዱ ተቈፈረ ማለት ነውን? ፌሮው ታስሮ አርማታው ፈሰሰ ማለት ነውን? ሦስቱም «ተሠራ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ክፍያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እንደዚሁም «ተቈጣጠረ» የሚለውን ቃላችንን ተማሪው ሁልጊዜ «ኮንትሮል» ብሎ ይመልሰዋል። «ኮንትሮል» ግን በወሰን ውስጥ መግዛት ነው፤ አይቶ ማረጋገጥ «ቼክ» ወይም «ኢንስፔክት» ይባላል። «የቧንቧው ግፊት ኮንትሮል ተደርጓል» ብሎ ሲጽፍ ግፊቱ ተለክቶ ታየ ማለቱ ነው ወይስ ከልኩ እንዳያልፍ ተገታ ማለቱ ነው? አንዱ ሰው ለክቶ ሄዷል፤ ሌላው ተገትቷል ብሎ አምኗል፤ ቧንቧው ሲፈነዳ ግን ሁለቱም ይደነግጣሉ።

አራተኛው ጌጥ መውደድ ነው። ይህ ከአስተዳደጋችን ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በቅኔያችን አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ይዞ ሲገኝ እሰይ ይባላል። በድርሰትም ትምህርት አንድን ቃል ደጋግሞ መጻፍ የቃል ድህነት ተደርጎ ይቈጠራል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ምሕንድስና ጽሑፍ የገባ ተማሪ፣ ከጣራው ሥር የተጋደመውን አንዱን ተሸካሚ በመጀመሪያው መስመር «ቢም»፣ በሁለተኛው «ባር»፣ በሦስተኛው «ገርደር» እያለ ይጠራዋል። እርሱ ጽሑፉን ያሳመረ መስሎታል፤ አንባቢው ግን ሦስት ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ይፈልጋል። በቅኔ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር መያዙ ብልኀት ነው፤ በምሕንድስና ግን አንድ ነገር አንድ ስም፣ አንድ ስምም አንድ ምሥጢር ሊኖረው ይገባል።

ይህ የእንግሊዝኛ እጥረት ብቻ አለመሆኑን ለማየት፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ላይ የደረሰውን እንመልከት። በኤውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ስትነሣ፣ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የአረፋ ቍራጭ ግራ ክንፏን መታ። መንኰራኵሯ ገና በጠፈር ሳለች መሐንዲሶች ስለ ጉዳቱ ለአለቆቻቸው የሚያሳዩት ጽሑፍ አዘጋጁ። ኋላ ነገሩን የመረመረው ቦርድ በዘገባው ውስጥ ያቀረበው የኤድዋርድ ተፍት ትችት እንደሚያስረዳው፣ በአንዲት ገጽ ላይ «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃልና ዘሩ 5 ጊዜ ተጽፏል፤ ትርጕሙ ግን በየቦታው የተለያየ ነበር። ክንፉን የመታው ቍራጭ አስቀድሞ በሙከራ ከታየው 640 እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ግን በገጹ ግርጌ፣ በትንሽ መስመር ተሸፍኖ ቀረ። አለቆቹም የአደጋውን ልክ ሳይረዱ ቀሩ። የካቲት 1 ቀን 2003 በኤውሮፓ አቆጣጠር መንኰራኵሯ ስትመለስ ተበታተነች፤ 7 ጠፈርተኞችም ሞቱ። ያጠፋቻቸው ያቺ ቃል ናት አልልም፤ ነገር ግን «ትልቅ» የሚል ቃል በቍጥር ቦታ ሲቀመጥ አንባቢን እንዴት እንደሚያስተኛ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

እንግዲህ ተማሪው ስንት ቃል ቢያውቅ ይበቃዋል? በዚህ ነገር ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ለማንኛውም የእንግሊዝኛ ተማሪ የሚያስፈልጉትን 2,000 ያህል ቃላት ለይቶ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒውዚላንድ አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ ሴት ምሁር 3.5 ሚሊዮን ቃላት ካለው የትምህርት ጽሑፍ 570 የቃል ቤተ ሰቦችን መርጠው አወጡ፤ እነዚህም ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ነገር ግን የተመረጡበት ጽሑፍ ከሥነ ጥበባት፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ እንጂ ከምሕንድስና አልነበረም። እንደ እኛው ተማሪዎች በባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ ምሕንድስናን በሚማሩባት በታይላንድ ግን፣ ጄረሚ ዋርድ የተባለ መምህር የምሕንድስናን መማሪያ መጻሕፍት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 299 መሠረታዊ ቃላትን አወጣ። በቀን 5 ቃል ያጠና ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ይፈጽማቸዋል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

ሆኖም ዝርዝሩን በቃል ማጥናት ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1995 ባቲያ ላውፈርና ፖል ኔሽን የተማሪን ጽሑፍ የሚመዝኑበት አንድ ዘዴ አቀረቡ፤ ከጽሑፉ ውስጥ ስንት እጁ በብዛት ከሚሠራባቸው ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ቃላት፣ ስንት እጁ ከቀጣዮቹ፣ ስንት እጁ ደግሞ ከትምህርት ቃላት እንደ ሆነ ይቈጥራል። ዘዴው የጸሐፊውን የቃል ስፋት ያሳያል፤ ቃሉ በቦታው መግባቱን ግን አያሳይም። የእኔ ተማሪ «ኪዩር» በሚለው ፈንታ «ድራይ» ሲጽፍ ቈጣሪው ሁለቱንም ቃል ብሎ ያልፋቸዋል፤ ግንበኛው ግን አያልፍም።

ከአውሮፕላን ሠራተኞች የምንማረው ሌላ ነገር አለ። የአውሮፕላን መጠገኛ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ የሚያነቧቸው ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው አይደለም። ስለዚህ የኤውሮፓ የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 የቀለለ እንግሊዝኛ መመሪያ አወጣ። መመሪያው 900 ያህል ቃላትን ይፈቅዳል፤ የእያንዳንዱንም ትርጕም ይወስናል። ለምሳሌ «ፎል» የሚለው ቃል ከላይ ወደ ታች ለመውደቅ ብቻ ይሠራል፤ «ግፊቱ ወደቀ» ማለት አይፈቀድም፤ «ቀነሰ» መባል አለበት። በሥራ ትእዛዝ ውስጥም አንድ ዐረፍተ ነገር ከ20 ቃላት እንዳይበልጥ ይከለክላል። እንግዲህ ያን ያህል ረቂቅ የሆነ መኪና በጥቂትና በቀላል ቃላት የሚጠገን ከሆነ፣ የእኛ የውሃ ታንኳና የመንገድ ዘገባ በከባድ ቃል የሚጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ምን ይደረግ? ተማሪው በደብተሩ ቃሉን ከነትርጕሙ ብቻ አይጻፍ። አጠገቡ ጓደኛ የሆነውን ግሥ፣ መለኪያውን፣ ከዚያም በሥራ ቦታ ያለው ሠራተኛ ያን ነገር በአማርኛ ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጻፍ። መምህሩም ስሌቱን ሲያርም ዐረፍተ ነገሩንም አብሮ ይረም። እናንተ ደግሞ ዘገባ ሲደርሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የተደረገው ነገር በራሱ ግሥ ተነግሯልን? «ብዙ»፣ «ትልቅ»፣ «በቂ» በተባለበት ቦታ ቍጥርና መለኪያ አለን? አንዱ ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ስም ተጠርቷልን? ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ዘገባውን መልሳችሁ ጠይቁ። ጸሐፊውን ማሳፈር አይደለም፤ ከኋላ ጸጸት ማዳን ነው።

በመጨረሻም ስለ እኒያ ሽማግሌ አንድ ነገር ልጨምር። እርሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም። ነገር ግን ተማሪው በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ያጣውን፣ እኔም በማይክሮፎን ያበላሸሁትን ትርጕም፣ «ውሃ ማጠጣት» በሚሉ ሁለት ቃላት አስተካክለው ያዙት። እንግዲህ ትክክለኛው ቃል ብዙ ጊዜ በእጃችን አለ፤ ያለውም በሥራው ዘንድ ነው። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ስሕተቴን በሬዲዮ አረምሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሕንድስና ጽሑፍ ሲመጣልኝ ከመተርጐሜ በፊት እኒያን ሽማግሌ ከደጃፋቸው ሄጄ እጠይቃለሁ።